የሰኞ ሒሳብ በባቲ

«የሳምንቱ አስቤዛ ስንት ፈጀ?» የከተማ ባልና ሚስት ይህን የሚነጋገሩት በብር ነው። አስቤዛ የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የወረስነው ሲሆን ትርጉሙም ወጪ ማለት ነው። ለመሆኑ ደመወዝ የሌለው ቤተሰብ ይህን ሒሳብ በምን ይሠራዋል?

ከኮምቦልቻ ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ደጋና ቆላ በሚገናኙበት ሥፍራ የተቆረቆረችው ባቲ በሰኞ ገበያዋ ትታወቃለች። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ይዞ ይመጣል፤ የአካባቢው ኦሮሞና ከደጋ የሚወርደው አማራ እህሉን ያቀርባል። የአንዱ ሽያጭ የሌላው አስቤዛ ነው። ስለሆነም የአርብቶ አደሩ ጥያቄ «ማሽላ ስንት ገባ?» ብቻ ሳይሆን «በአንድ ፍየል ስንት ቁና ማሽላ ይገኛል?» የሚል ነው።

ይህ ሒሳብ ሲፋለስ የሚከተለውን ጣጣ ባቲ የነበረችበት የወሎ ጠቅላይ ግዛት በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. አይቶታል። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳመለከቱት፣ በዚያ ክፉ ቀን በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር። ይሁን እንጂ አዝመራው የከሸፈበት ገበሬ የሚበላውንም የሚሸጠውንም አጣ። አፋሩም ከብቱ በድርቅ ማለቁ ሳያንሰው፣ የተረፈችው በእህል ስትመነዘር ዋጋዋ ወደቀ። ዋጋው ሳይንር ሰው በረሃብ አለቀ።

እንግዲህ የኑሮን ውድነት ስንመዝን የማሽላውን ዋጋ ብቻ መጠየቅ አይበቃም፤ የፍየሏም ይጠየቅ። ለከተሜው ደግሞ ፍየሉ ደመወዙ ናት።