የማን ነፍስ ነው የሚሠዋው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የክርስቶስ ቤተሰቦች፣ ወጣቶች በሚጫወቷቸው የቪዲዮ ጨዋታዎች ውስጥ አንድ ታሪክ ይደጋገማል፤ ጥንታዊ መንግሥት ከጥፋት ለመዳን የሰዎችን ነፍስ ይገብራል። ተጫዋቹም «ብዙዎች እንዲተርፉ ጥቂቶች ቢሠዉ ምን ነውር አለው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ግን የተረት ብቻ አይደለም፤ በራሳችን ታሪክም አለ።

ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ፣ ሲራራ ነጋዴዎችን ባጠፉ ሰዎች ላይ ዘምቶ ድል እንዳደረገ፣ ለጣዖቱ ለመሕረምም 100 ከብትና 50 ምርኮኛ እንዳቀረበ ይናገራል። ምርኮኞቹ ይገደሉ ወይም የጣዖቱ ቤት ባሮች ይሁኑ ጽሑፉ አይገልጽም። በሁለቱም መንገድ ግን ንጉሡ ምስጋናውን የከፈለው በሌሎች ሕይወት ነው፤ ሰውም ከከብት ጋር ተቆጠረ።

በአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ትምህርት ካመነ በኋላ ኢዛና ድሉን ለሰማይ አምላክ ሰጠ። ጦርነትና ምርኮ ወዲያው አልቀሩም፤ በዚያ ጽሑፍ ግን ሕዝብን ሳይበድል በጽድቅ ሊገዛ ቃል ገባ።

አሁን ወደ ሆለታ እንምጣ። በ1927 ዓ.ም. በዚህች ከተማ የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። በዓመቱ ጠላት ሲገሠግሥ፣ ትምህርታቸውን ገና ያልፈጸሙት ዕጩ መኰንኖች ወደ አዲስ አበባ የሚያመጣውን መንገድ ለመከላከል ወደ ጣርማበር ዘመቱ። ዋና ከተማዋ ከተያዘች በኋላም ብዙዎቹ በነቀምቴ ከተመሠረተው የጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር ተሰለፉ። የማኅበሩ ደንብ ባላገሩን ማስቸገርን፣ ምርኮኛንም ማንገላታትን ይከለክል ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ከአባላቱ ብዙዎቹ በፋሺስቶች ተገደሉ።

ልዩነቱን አስተውሉ። በአክሱም ድንጋይ ላይ ምርኮኛ ስጦታ ሆነ፤ የሆለታ ልጆች ግን ምርኮኛን አክብረው የራሳቸውን ነፍስ ሰጡ።

ብዙዎች እንዲተርፉ አንድ ሰው ይሙት የሚለው ሐሳብ የቀያፋ ምክር ነበር (ዮሐ. 11፥50)። ጌታችን ግን ነፍሱን ማንም ሳያስገድደው በፈቃዱ ሰጠ (ዮሐ. 10፥18)። ሁለቱም ስለ አንድ ሞት ተናገሩ፤ አንዱ ሌላውን ሠዋ፣ ሌላው ራሱን።

እንግዲህ ራሳችንን እንመርምር። እኛ በሰንበት ለማስቀደስ ስንወጣ የቤት ሠራተኛችን ምሳ እንድታዘጋጅ ከቅዳሴው የምትቀር ከሆነ፣ የእኛ ጸሎት በማን ድርሻ ተከፈለ? ክርስቲያን ከራሱ ይሰጣል፤ በሌላው ነፍስ አይከፍልም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።