አባ ማስያስና የነገሌ ሀገረ ስብከት አመጣጥ

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ከቤኔዲክት ገዳም ወጥቶ ጳጳስ የሆነ ሰው አንዳንድ ጊዜ ከንጉሥ ጋር ይጋጭ ነበር። በ1093 የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የሆኑት መነኩሴ አንሰልም በሁለት ነገሥታት ዘመን ሁለት ጊዜ ተሰደዋል (ሌላ ካልተባለ ቀናቱና ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የነገሌ ቦረናን የካቶሊክ ታሪክ ወደ ኋላ ስንመረምርም የምናገኛቸው መነኩሴ፣ ጳጳስና ስደተኛ ናቸው፤ ዘመናቸው ግን 19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ማኅበራቸውም ካፑቺን ነው።

ጉልየልሞ ማሳያ፣ በአገራችን አጠራር አባ ማስያስ፣ በ1809 በፒየሞንት ተወለዱ። ሮም በግንቦት 1846 ለኦሮሞ ምድር ሐዋርያዊ ቪካሪያት (በጳጳስ የሚመራ የሚስዮን ግዛት) አቋቁማ በዚያው ወር ጵጵስና ቀባቻቸው። በኦሮሞ ምድር ጉዱሩ የደረሱት ግን ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1852 ነው። በ1861 ከከፋ ተባረሩ፤ በ1868 ሸዋ ገብተው ምኒልክ ዘንድ ተቀመጡ፤ በ1879 ደግሞ በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር ወጡ።

ሕዝቡ «አባ ፈንጣጣ» ያላቸው በክትባታቸው ነው። በዘመኑ ዘዴ ከተከተበ ሰው ክንድ ቁስል ላይ ፈሳሹ ተወስዶ በሌላው ክንድ ጭረት ውስጥ ይገባ ነበር። በ1867 ደግሞ የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው መጽሐፋቸውን ፓሪስ አሳተሙ። እኔ ከጵጵስናቸው ይልቅ ለእነዚህ ሁለት ሥራዎች ትልቅ ቦታ እሰጣለሁ፤ ሁለቱም ከሕዝቡ ጋር ኖሮ፣ ቋንቋውን ተምሮ እንጂ በሹመት የሚገኙ አይደሉም።

ነገሌ ያለችበትን፣ በዳዋና በገናሌ ወንዞች መካከል ያለውን ቆላ አባ ማስያስ አልረገጡትም። ነገሌ በቤተ ክርስቲያኒቱ መዝገብ በራሷ ስም የሰፈረችው ከሞቱ ከአርባ ሰባት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በሌላ መንገድ ነው። የወራሪው የጣሊያን ጄኔራል የግራዚያኒ ጦር ጥር 20 ቀን 1936 ከተማዋን ያዘ፤ እርሱም «የነገሌ ማርኪስ» ተባለ። መጋቢት 25 ቀን 1937 የነገሌ ሐዋርያዊ ፕሬፌክቹር (ገና ቪካሪያት ያልሆነ የሚስዮን ግዛት) ከቀድሞው ቪካሪያት ተከፍሎ ተቋቋመ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 12 የአዲስ አበባ ሕዝብ ከተጨፈጨፈ ገና አምስት ሳምንት ነበር። ይህን መቀራረብ እንደ አጋጣሚ ማለፍ አልችልም። ፈንጣጣ እየከተቡ በየንጉሡ ደጅ ፈቃድ ይለምኑ የነበሩት መነኩሴ የጀመሩት ተልእኮ ነገሌ ላይ የወራሪውን የጦር መንገድ ተከትሎ ገባ።

በ1969 የፕሬፌክቹሩ ስም ከነገሌ ወደ አዋሳ ተለወጠ። በ1979 ወደ ቪካሪያት ሲያድግ የኮምቦኒ ማኅበሩ አርሚዶ ጋስፓሪኒ ጳጳስ ሆነው ተሾሙ።