ነጋድራስ የማን አለቃ ነበር? ስለ ጎንደርና መተማ ሲራራ ነጋዴዎች አስተዳደር

«ነጋድራስ» የሚለው ስም የነጋዴ ራስ፣ ማለት የነጋዴ አለቃ ማለት ነው። ብዙ ሰው ግን ይህን ማዕርግ ሲሰማ የሚታሰበው የጉምሩክ ሹም ነው። ሁለቱ ትርጓሜዎች እርስ በርሳቸው አይስማሙም። የነጋዴ አለቃ ቀረጥ እንዲቀንስ የሚከራከር ሰው ነው፤ የጉምሩክ ሹም ግን ቀረጡን የሚሰበስብ ነው። ታዲያ አንዱ ስም ከተከራካሪው ወገን ወደ ሰብሳቢው ወገን እንዴት ተሻገረ? የዚህች አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋና በወህኒ አድርጎ ወደ መተማ በሚወርደው የንግድ መንገድ ላይ መመርመር ነው።

መንገዱ ጥንታዊ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ቀዳማዊ ኢያሱን ለማከም በ1691 ዓ.ም. ከስናር ወደ ጎንደር የመጣው በዚሁ ቆላ በኩል ነበር። ጄምስ ብሩስም በ1764 ዓ.ም. ወደ ስናር ሲመለስ ያን ጊዜ ራስ አል ፊል ይባል በነበረው በዚሁ አገር አልፏል። ከደጋው ቡና፣ ሰም፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይወርዳል፤ ከቆላውና ከሱዳን በኩል ጥጥ፣ የውጭ አገር ጨርቅና ማርትሬዛ ብር ይወጣል። በክረምት ሣሩ ስለሚረዝም፣ ጓንግና ሽንፋ ስለሚሞሉ፣ ንዳዱም ስለሚበረታ ጉዞ ይቋረጣል። በበጋም ቢሆን በቅሎና አህያ ከደጋ ያመጡትን ጭነት በቆላው ጠርዝ ላይ ግመል ይረከባቸዋል፤ ግመል ዳገቱን አይወጣምና። እንግዲህ ወንዝ፣ ሽፍታ፣ ንዳድና ኬላ በበዛበት በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ሊነግድ አይችልም ነበር።

ከነጋዴዎቹ የሚበዙት ጀበርቲ የሚባሉት ሙስሊሞች ነበሩ። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1660 ዓ.ም.፣ የጎንደር ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲቀመጡ ወሰነ፤ ርስት መያዝም የተከለከለ ነበር። ርስት የሌለው ሰው ሀብቱ ሁሉ በአህያ ጀርባ ላይ ነው። አህያው ከጠፋ የሚመለስበት እርሻ የለውም። ስለዚህ ለጀበርቲው ነጋዴ ማኅበር ማለት ከመጦሪያው የማይለይ ነገር ነበር።

አስተዳደሩ እንዲህ ነበር። ነጋዴዎቹ ከመካከላቸው በሀብቱ፣ በመንገድ ልምዱና ከገዦች ጋር ባለው ትውውቅ የታመነውን ሰው ነጋድራስ ብለው ይከተላሉ። የሚነሡበትንና የሚሰፍሩበትን ስፍራ የሚወስነው፣ ከኬላ ጠባቂ ጋር ስለ ቀረጥ የሚደራደረው፣ ለባላባቱ እጅ መንሻ የሚያቀርበው፣ ጠብ ሲነሣ የሚያስታርቀው እርሱ ነው። ጥቂት አህያ ብቻ ያለው ድኻ ነጋዴ በትልቁ ነጋዴ ጥላ ሥር ገብቶ ይጓዛል። ብዙ ሆነው ኬላ ላይ ሲደርሱ ጠባቂው እንደ ልቡ ሊያደርጋቸው አይችልም፤ ቀረጡ ከበዛ ድንኳናቸውን ተክለው እስኪቀንስ ድረስ ለብዙ ቀን ይቆያሉና።

በአውሮፓ የሐንዛ ከተሞች ከእ.ኤ.አ. 1356 ጀምሮ በሉቤክ እየተሰበሰቡ ውሳኔያቸውን በጽሑፍ ያኖሩ ነበር። የእኛ ሲራራ ግን ደንቡን የሚጠብቀው በቃልና በልማድ ነው። ታዲያ አለቃውን ምን ይቈጣጠረው ነበር? እኔ እንደሚመስለኝ ትልቁ መቈጣጠሪያ የአባሉ እግር ነው። በነጋድራሱ ያልተደሰተ ነጋዴ በሚቀጥለው ጉዞ ከሌላው ጋር ይነሣል። ተከታይ የሌለው ነጋድራስ ደግሞ ኬላ ላይ ተራ መንገደኛ ነው። ሥልጣኑ ከበላይ የተሰጠው ሳይሆን ከኋላው ከሚመጡት አህዮች ቊጥር የሚገኝ ነበር ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ይህን ማኅበር ከመጠን በላይ ማመስገን አይገባም። ባለ ብዙ ጭነቱ ቃሉ ይሰማል፤ ባለ ጥቂቱ ግን ይከተላል። ጫኙና አጋሰስ ነጂው በምክር አይጠየቁም። ከዚህም የከፋ ነገር አለ፤ በዚሁ መንገድ ባሪያ ይነዳ ነበር። የማኅበሩ ነፃነት ለባለ ጭነቶች ብቻ የቆመ ነበር፤ እንደ ጭነት ለተቈጠሩት ሰዎች ግን ማኅበሩ ራሱ ጌታቸው ነበር።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። በጎንደር ከተማ የነጋዴዎች አለቃ ለገዦች የቀረጥ ገቢ ኃላፊ መሆን የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። ገዢው በየኬላው ከመከራከር አንዱን ትልቅ ነጋዴ ይዞ ከእርሱ መቀበል ይቀለው ነበር። ቆላው ሲታወክ ደግሞ ማኅበሩ ይደክማል። ካሳ ኃይሉ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በሽፍትነቱ ጊዜ በቋራ፣ ዛሬ ገለጉ ዋና ከተማው በሆነው ወረዳ፣ ሲራራ እየዘረፈ ተከታዮቹን ይመግብ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማን አቃጠሉ፤ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ፤ በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመተማ ወደቁ። ገበያው ሁለቱም ጫፍ ተቃጠለበት። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው ውል ወሰኑን ለየ፤ መተማና ገላባት በአንድ ፈፋ ተለያይተው የሁለት መንግሥት ከተሞች ሆኑ።

በዚያው ዘመን ነጋድራስነት በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ፈጽሞ የሹመት ማዕርግ ሆነ። ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ በ1900 ዓ.ም. የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ምሁሩ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም በድሬዳዋ ነጋድራስነት አገልግሏል። ገብረ ሕይወት አህያ ጭኖ ሲራራ የመራ ሰው አልነበረም። ማዕርጉ ግን ሳይነግዱም የሚያዝ ሆኖ ነበር። እንግዲህ ስሙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሰውየውን ማን ይሽረዋል የሚለው ነው።

ዛሬ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ፣ ቊጥር 985 በ2009 ዓ.ም.፣ አንድ አባል አንድ ድምፅ እንዲኖረው ይደነግጋል። ሲራራው ያልነበረው እኩልነት ይህ ነው። ነገር ግን የሲራራው ታሪክ አንድ ነገር ያስጠነቅቀናል፤ ማኅበር የአባላቱ መሆኑ በአለቃው ማዕርግ ወይም በደንቡ ውበት አይታወቅም። አለቃው ኬላ ላይ ሲደርስ ፊቱን ወደ ማን እንደሚያዞር ማየት ይበቃል።