ቀፎ፦ የኮምፒውተር ኬዝ በአማርኛ፣ በቤሩት ገበያ

ጠረጴዛ ሥር የሚቆመውን የኮምፒውተር ሳጥን አብዛኞቻችን «ሲፒዩ» እንለዋለን። ቢሮ ውስጥ «ሲፒዩውን አጥፊው» ይባላል፤ ጠጋኙም «ሞኒተሩን ተዉት፣ ሲፒዩውን ብቻ አምጡት» ይላል። ሲፒዩ ግን ሳጥኑ ውስጥ፣ ማዘርቦርዱ ላይ የምትቀመጥ፣ ጎንና ጎኗ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነች ስስ ዕቃ ናት። ተገጣጥሞ የመጣ ኮምፒውተር ለሚገዛ ሰው የስሙ መደባለቅ ብዙም አይጎዳውም። ዕቃዎቹን ለየብቻ ገዝቶ ቤቱ ለሚገጣጥም ሰው ግን ይጎዳዋል፤ ለማሽኑ ጉልበት የከፈለ መስሎት ለላሜራና ለመስታወት ይከፍላልና።

የሳጥኑ የእንግሊዝኛ ስም ኬዝ ነው፤ የቤሩት ባለ ሱቆችም «ኬይስ» ይሉታል። እኛም «ኬዝ» ብለን እንዳንተወው ቃሉ ሌላ ሥራ ይዟል። ስደት ላይ ያለ ሰው «ኬዜ» ሲል የጥገኝነት ፋይሉን ነው፤ «የስልክ ኬዝ» ደግሞ ከላይ የሚለበሰው ላስቲክ ነው። «ሽፋን» ብንለው ዕቃው ከላይ የሚደረብ ይመስላል። «ሳጥን» የመጣበትን ካርቶንም ሊሆን ይችላል። «ካዝና» ብር ይቀመጥበታል። እኔ የምመርጠው «ቀፎ» ነው።

ቀፎ ንብ ሳይገባበትም ቀፎ ነው። ንብ አናቢው ባዶውን ይገዛል ወይም ይሠራል፤ መግቢያው ይመች እንደሆነ፣ ውስጡ ይበቃ እንደሆነ ያያል፤ ማር ግን ከቀፎው ከራሱ አይጠብቅም። ንቦቹም ሙቀት ሲበዛ መግቢያው ላይ ተሰልፈው ክንፋቸውን እያራገቡ የውስጡን አየር ይለውጣሉ። የኮምፒውተሩም ቀፎ ሥራው ይኸው ነው፦ ማዘርቦርዱን፣ ፓወር ሰፕላዩን፣ ሃርድ ዲስኩንና ግራፊክስ ካርዱን አጥብቆ ይይዛል፤ ቀዝቃዛ አየር ያስገባል፤ የሞቀውን ያስወጣል። ራሱ ምንም አያሰላም። ቃሉም ለጆሯችን እንግዳ አይደለም፤ የስልክ ቀፎ ስንል ኖረናል። እርግጥ የስልክ ቀፎ የምንለው ከነሙሉ ዕቃው ስለሆነ «የኮምፒውተር ቀፎ» ሲባል ሙሉ ማሽን የሚመስለው ሰው ይኖራል። ገበያ ላይ «ባዶ ቀፎ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይህን ያጠራዋል።

ቤሩትን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በሊባኖስ ከሚሠሩ የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች መካከል ኢትዮጵያውያት ለዓመታት ትልቁን ቁጥር ይዘው ኖረዋል። እሑድ ቡርጅ ሐሙድና ዶራ ወደሚባሉት ሰፈሮች ብቅ ያለ ሰው አማርኛ ሳይሰማ አይመለስም። ከአሠሪ ቤት ወጥተው ክፍል የተከራዩ፣ ማታ ማታ የሚማሩ፣ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ፣ ልጅ የሚያሳድጉ አሉ። ከእነዚህ መካከል ኮምፒውተር የሚያስፈልጋት እህት ዶላሯ ውሱን ነው፤ የመብራት ኃይሏም ውሱን ነው። የምትኖርበት ከተማ ደግሞ ቀፎን በሌላ ዓይን እንድታይ ያስገድዳታል።

በሊባኖስ የመንግሥት መብራት በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ይመጣል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 2021 ደይር ዓማርና ዛህራኒ የሚባሉት ሁለቱ ትልልቅ ማመንጫዎች ነዳጅ አልቆባቸው ቆመው አገሪቱ በሙሉ ጨልማ ነበር። ስለዚህ ሰው ከሰፈሩ ጄኔሬተር ባለቤት መስመር ይገዛል፤ «ኢሽቲራክ» ይሉታል። መስመሩ በአምፔር ይሸጣል። የብዙ ትንንሽ ቤቶች ውል 5 አምፔር ነው፤ በ220 ቮልት ሲባዛ 1,100 ዋት ይሆናል። ፍሪጁም፣ አምፖሉም፣ ኮምፒውተሩም ከዚያች ይካፈላሉ። ኤሲ ተጨመረ ማለት ብሬከሩ ወረደ ማለት ነው።

ኮምፒውተሩ እንግዲህ የሚሠራው ኤሲ በሌለበት ክፍል ነው። ኦገስት ላይ የቤሩት ቀን ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ ባሕሩ ቅርብ ነውና ወበቁ ሌሊትም አይለቅም። ፋን አየር ያንቀሳቅሳል፤ አየሩን ግን አያቀዘቅዘውም። ክፍሉ 32 ዲግሪ ከሆነ ቀፎው የሚስበው አየርም 32 ነው፤ የውስጡ ዕቃ የሚሞቀው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ሲፒዩና ግራፊክስ ካርድ ሙቀት ሲበዛባቸው ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ባለቤቱም ለከፈለበት ጉልበት ሙሉውን አያገኝም። አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ይለያል። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ከቤሩት በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ሲዞር የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ቀዝቃዛው ክፍል ያካክሰዋል። ቤሩት ይህ ማካካሻ የላትም።

ከዚህ የተነሣ ርካሽ ቀፎ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚታየው ፊቱ ነው። ርካሽ የምለው ከ60 ዶላር በታች ያለውን ነው። ባለፉት ዓመታት የገበያው ፋሽን ወደ መስታወት ሄዷል፦ ጎኑ መስታወት፣ ፊቱም መስታወት፣ ከኋላው ቀለም የሚቀያይሩ መብራቶች። ሱቅ መደርደሪያ ላይ ዓይን ይይዛል። መስታወት ግን አየር አያሳልፍም፤ ከመስታወቱ በስተጀርባ የተደረደሩት ሦስት ፋኖች አየሩን የሚስቡት ከጎን ከቀረች ጣት በማታስገባ ክፍተት ነው። ፊቱ ወንፊት የሆነ ቀፎ አየሩን በቀጥታ ያስገባል። ልዩነቱን ለማየት ፋንቴክስ የሚባለው አምራች የሠራውን መመልከት ይበቃል፦ ኤክሊፕስ ፒ400 የተባለው ቀፎ ፊቱ ድፍን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ፒ400ኤ ብሎ ሲያወጣው ዋናው ለውጥ ድፍኑን ፊት በወንፊት መተካቱ ነበር። የአየር ነገር ያሳሰባቸው ገዢዎችም ወደ አዲሱ አዘነበሉ።

«ወንፊት» የምለው በእንግሊዝኛ «ሜሽ» የሚሉትን ነው፤ ካርቶን ላይ ይህ ቃል ከተጻፈ ጥሩ ምልክት ነው፤ በቃሉ ብቻ ግን አይታመንም። አንዳንዱ ወንፊት ለዓይን የተበሳሳ ይመስላል፤ ከኋላው ድፍን ፕላስቲክ አለበት። ሱቁ ውስጥ መፈተኛው ቀላል ነው። ፊቱ ተነቃይ ከሆነ ነቅሎ በአንድ እጅ ይዞ፣ የሌላውን እጅ መዳፍ ከኋላው ጥቂት ራቅ አድርጎ በወንፊቱ እፍ ማለት ነው። ትንፋሹ መዳፍ ላይ ከደረሰ አየር ያሳልፋል። ወደ ፊት ተመልሶ አገጭ ላይ ከነፈሰ አያሳልፍም። የስልክ ባትሪ ከኋላ አብርቶ ብርሃኑ ስንት ቦታ እንደተከለከለ ማየትም ይቻላል። ባለ ሱቁ ቢገረም ይገረም፤ ሃምሳ ዶላር የሚከፍል ሰው ይህን የማድረግ መብት አለው።

ቀጥሎ ፋኑ። ርካሽ ቀፎ ብዙ ጊዜ አንድ ባለ 120 ሚሊ ሜትር ፋን ከኋላ ይዞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውና ትንሽ ማዘርቦርድ የሚይዘው የኩለር ማስተር ማስተርቦክስ ኪው300ኤል አንዱ ምሳሌ ነው፤ ከፊትና ከላይ በማግኔት የሚለጠፍ ማጣሪያ አለው፤ ፋኑ ግን የኋላው ብቻ ነው። ሌላ ፋን ገዝቶ ከፊት ማሰር ለቤሩት ግዴታ ነው እላለሁ። የፋኑ አቅጣጫ ግራ ካጋባ፣ አየር የሚወጣው ብዙውን ጊዜ የፕላስቲክ ድጋፎቹ በሚታዩበት ጎን ነው። ከፊት የሚያስገቡት ፋኖች ከኋላ ከሚያስወጣው የሚበልጡ ከሆነ ቀፎው ውስጥ የአየር ብልጫ ይፈጠራል፤ አየሩ በየቀዳዳው ወደ ውጭ ይገፋል፤ አቧራም በስንጥቁ መግባት ያቅተዋል። የሚያስወጣው ከበለጠ ግን ቀፎው በእያንዳንዱ ክፍተት ያለ ማጣሪያ አቧራ ይስባል።

ላሜራው በአውራ ጣት ይፈተናል። የጎን ክዳኑን መሀሉ ላይ ጫን ሲሉት ገባ ብሎ «ጧ» የሚል ከሆነ ስስ ነው፤ ፋን ሲዞር ያንገጫግጨዋል። የርካሽ ቀፎ ላሜራ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን አይደንቅም። ጠርዙ ስለት እንዳይኖረው በጣት ቀስ ብሎ መዳሰስ ነው፤ ሲገጣጠም እጅ የሚቆርጠው እሱ ነው። ቀለም ያልደረሰበት ጠርዝ ባሕር አጠገብ ቶሎ ይዝጋል፤ ዓይን ኤል ምሬይሴህ ወይም ኮርኒሽ በሚባለው የባሕር ዳር መንገድ አጠገብ የሚኖር ሰው ይህን የበረንዳውን ብረት አይቶ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ፓወር ሰፕላይ። ብዙ ርካሽ ቀፎ «ከነፓወሩ» ይሸጣል፤ ተለጣፊው ላይ 500 ዋት የሚል አለበት፤ ገዢውም ሁለት ዕቃ በአንድ ዋጋ ያገኘ ይመስለዋል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። በሊባኖስ መብራት ከመንግሥት ወደ ጄኔሬተር፣ ከጄኔሬተር ወደ መንግሥት በቀን ብዙ ጊዜ ይቀያየራል፤ በየመሀሉ ለጥቂት ሴኮንድ ይጠፋል፤ ሲመለስም ቮልቴጁ ላይረጋ ይችላል። ይህን ሁሉ በቅድሚያ የሚቀበለው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ጥራቱ የወረደ ከሆነ ሲሞት ብቻውን አይሞትም፤ ማዘርቦርዱንና ዲስኩን ይዞ ሊሄድ ይችላል። በእጅ ማመዛዘን አንድ ፍንጭ ይሰጣል፤ ስም ያለው አምራች ከሠራው ጎን ሲያዙት የቀፎው ፓወር ባዶ ያህል የሚቀልል ከሆነ ውስጡ የሚገባው ትራንስፎርመርና ማቀዝቀዣ ብረት ተቆጥቦበታል ማለት ነው። ባዶ ቀፎ መግዛት፣ የተረፈውን ዶላር ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ላይ መጨመር፣ ከቻሉም መሀሉ ላይ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዝ ዕቃ) ማድረግ ይሻላል።

የልኩ ነገር አጭር ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ኤቲኤክስ የሚባለው ደረጃ ዛሬም ይሠራል፦ ሙሉው ማዘርቦርድ 305 በ244 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከእሱ በኋላ ከመጡት ማይክሮ ኤቲኤክስ 244 በ244፣ ሚኒ አይቲኤክስ 170 በ170 ናቸው። ቀፎው የትኛውን እንደሚይዝ፣ ግራፊክስ ካርዱ እስከ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚገባ፣ የሲፒዩው ማቀዝቀዣ ቁመት እስከ ስንት እንደሚፈቀድ ብዙ ጊዜ ካርቶኑ ላይ ይጻፋል። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ሳያዩ መክፈል አይገባም።

ለአሮጌ ዕቃ ደግሞ ሲን ኤል ፊል በሚባለው ሰፈር፣ በቤሩት ወንዝ ዳር ያለው ሱቅ ኤል አሐድ ይጠራል፤ ስሙ የእሑድ ገበያ ማለት ነው፤ የእኛም ሰው የዕረፍት ቀኑ እሑድ ነው። አሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር በርካሽ ሲገኝ «ቀፎውን ብቻ እጠቀምበታለሁ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። የዴል ኦፕቲፕሌክስና የኤችፒ የቢሮ ማሽኖች ብረታቸው ጠንካራ ነው፤ ብዙዎቹ ግን ማዘርቦርዳቸውም ፓወራቸውም ለራሳቸው ልክ የተሠራ ስለሆነ መደበኛው ቦርድ አይገጥምባቸውም። በአንጻሩ ከዓመታት በፊት በእጅ የተገጣጠመ አሮጌ ቀፎ ደረጃውን የጠበቀ ከሆነ፣ ቀለሙ ቢያረጅም፣ ላሜራው ከዛሬው ርካሽ ይልቅ ወፍራም ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ወንፊት ግን ብዙ ጊዜ አይኖረውም፤ ከሌለው ፊቱን በድሪል መብሳት ወይም አውልቆ መጣል ይጠይቃል።

ውድ መግዛትም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ኤንዜድኤክስቲ የሚባለው ታዋቂ አምራች ኤች1 የተባለ ትንሽ ቀፎ በ350 ዶላር ይሸጥ ነበር። ውስጡ ያለ አንድ ብሎን የኤሌክትሪክ መስመር እየነካ እሳት ሊያስነሣ እንደሚችል ታውቆ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ ብቻ 32,000 ያህሉ ለጥገና እንዲጠሩ ተደረገ። ለሚገጣጥመው ሰውም እንዲህ ያለው የብረት ንክኪ ይመለከተዋል። ማዘርቦርዱ በቀጥታ ላሜራው ላይ አይተኛም፤ ከሥሩ ትንንሽ የነሐስ እግሮች ይገባሉ። አንድ እግር የቦርዱ ቀዳዳ በሌለበት ቦታ ከቀረ ከቦርዱ ሥር ያለውን መስመር ይነካና ከላሜራው ጋር ያገናኘዋል። ቀፎው በከረጢት ይዞ የመጣቸውን እግሮች ቆጥሮ፣ ከቦርዱ ቀዳዳዎች ጋር አስተያይቶ፣ ትርፉን ነቅሎ ማስቀመጥ ነው።

ቀፎው ቤት ሲገባ መሬት ላይ ባይቀመጥ ይመረጣል፤ አቧራው እዚያ ይበዛል። የሰፈሩ ጄኔሬተር በናፍጣ ስለሚሠራ በረንዳው ወደ እሱ ከሆነ የፊት ማጣሪያው በሳምንታት ውስጥ ጥላሸት ይለብሳል፤ በደረቅ ብሩሽ ብቻ አይለቅም። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ፣ ገመዱን ነቅሎ፣ ማጣሪያውን አውጥቶ በለብ ያለ ውኃና በጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ማጠብ፣ ከዚያ ጥላ ሥር በደንብ አድርቆ መመለስ ነው። በቤሩት ወበቅ እስኪደርቅ ሌሊቱን ሊፈጅ ይችላል፤ እርጥቡን ግን መመለስ አይገባም።