የሳስካችዋኑ ሚስተር ዳግላስና የምርጫቸው ታሪክ

ስለ ሕዝብ እንደራሴዎች ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚነሡት በየአገሩ ዋና ከተማ የታወቁት ሰዎች ናቸው። ዛሬ የምንተርከው ግን ስመ ጥርነታቸውን በካናዳ የስንዴ ሜዳ ላይ፥ በሳስካችዋን ጠቅላይ ግዛት ስላገኙት ስለ ቶማስ ዳግላስ ነው። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሚስተር ዳግላስ በ1904 በስኮትላንድ ተወለዱ። በልጅነታቸው የእግራቸው አጥንት ታሞ ስለ ነበር፥ ወላጆቻቸው ወደ ካናዳ ተሻግረው በዊኒፔግ በተቀመጡበት ጊዜ እግራቸው ሊቈረጥ ደርሶ ነበር። ቤተ ሰቡ ለባለሙያ ሐኪም የሚከፍለው ገንዘብ አልነበረውም። አንድ የቀዶ ጥገና ሐኪም ግን ተማሪዎቹ እየተመለከቱ እንዲማሩበት ሲል በነፃ አከማቸውና እግራቸው ተረፈ። የድኻ ልጅ እግር በእንዲህ ያለ አጋጣሚ መዳኑ ዕድሜ ልካቸውን ሲከነክናቸው ኖሯል።

በ1930 በዌይበርን ከተማ የባፕቲስት ሰባኪ ሆነው ተሾሙ። ዘመኑ ድርቅና የንግድ ውድቀት የገጠሙበት ነበር። በ1934 ለጠቅላይ ግዛቱ ምክር ቤት ተወዳድረው ተሸነፉ፤ በ1935 ግን ሲ.ሲ.ኤፍ. የሚባለውን የገበሬዎችና የሠራተኞች ፓርቲ ወክለው ኦታዋ ባለው ፓርላማ ገቡ። በ1944 ፓርቲያቸው በሳስካችዋን ከ52ቱ ወንበሮች 47ቱን ሲያገኝ የጠቅላይ ግዛቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በ1948 ወንበሩ ወደ 31 ወረደ፤ በ1952 ከ53ቱ 42 ሆነ። በ1956ና በ1960ም አሸነፉ።

ለመንግሥት ሠራተኛ አድማጫችን ደስ የሚያሰኘው አንድ ነገር፥ ይኸው መንግሥት ገና በ1944 ባወጣው ሕግ የመንግሥት ሠራተኞችም በማኅበር ተደራጅተው ስለ ደመወዛቸው እንዲደራደሩ መፍቀዱ ነው።

ከጃንዩዌሪ 1 ቀን 1947 ጀምሮ ማንኛውም ሰው በዓመት 5 ዶላር፥ አንድ ቤተ ሰብ ቢበዛ 30 ዶላር እየከፈለ በሆስፒታል በነፃ እንዲታከም ተደረገ። የሐኪሙን ዋጋ በዚሁ መንገድ ለመክፈል ግን የጠቅላይ ግዛቱ ግምጃ ቤት አልቻለም፤ ስለዚህ ነገሩ ከዐሥር ዓመት በላይ ቈየ። በ1958 ማእከላዊው መንግሥት የሆስፒታሉን ወጪ መካፈል ሲጀምር ገንዘብ ተረፈ። ሚስተር ዳግላስም በ1960 ይህንኑ ጉዳይ ይዘው ወደ ሕዝብ ቀረቡ፤ የሐኪሞቹ ማኅበር አጥብቆ ቢቃወማቸውም አሸነፉ። በ1961 የአዲሱ ዲሞክራቲክ ፓርቲ መሪ ሆነው ተመረጡ፤ ረቂቁን ካቀረቡ በኋላም በዚያው ዓመት ሥልጣናቸውን ለዉድሮ ሎይድ አስረከቡ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር በምርጫ መዝገባቸው ውስጥ ከሁሉ የሚያስገርመው ነው። ጁን 18 ቀን 1962 በጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ በረጃይና ለፓርላማ ሲወዳደሩ ክፉኛ ተሸነፉ። ዐሥራ ሰባት ዓመት ያስተዳደሩት ሕዝብ ጀርባውን ሰጣቸው። ሕጉ ሥራ ሊጀምር 13 ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ሐኪሞች ሥራ እናቆማለን ብለው ስለ ዛቱ ከተማው በፍርሃትና በቍጣ ተሞልቶ ነበር። በእኔ ግምት ረጃይና የፈረደችው ገና ባልቀመሰችው ነገር ላይ ነው። ሐኪሞቹም እንደ ዛቱት ከጁላይ 1 ቀን አንሥቶ ለ23 ቀን ሥራ አቆሙ፤ በመጨረሻ በስምምነት ተመለሱ። ሕጉም ጸና።

ሚስተር ዳግላስ በዚያው ዓመት በብሪቲሽ ኮሎምቢያ በማሟያ ምርጫ ፓርላማ ገቡ። በ1968 በ138 ድምፅ ብቻ ተሸነፉ፤ በ1969 በሌላ ማሟያ ምርጫ ተመለሱና እስከ 1979 ቈዩ። በዚህ መካከል የካናዳ ፓርላማ በ1966 የሳስካችዋንን አርአያ ተከትሎ ሕግ አወጣ፤ በ1972 የሐኪም ዋስትናው በጠቅላይ ግዛቶቹ ሁሉ ተዳርሶ ነበር።

በ1986 ዐረፉ። በ2004 የካናዳ ቴሌቪዥን ተመልካቾች ድምፅ ሰጥተው ከካናዳውያን ሁሉ ታላቁ ሰው ብለው መረጧቸው፤ ይህን ምርጫ ሲያሸንፉ ከሞቱ 18 ዓመት ሆኗቸው ነበር።