«መከላከያ» ማንን ይከለክላል?

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ፣ ከጦሩ ጠቅላይ መምሪያ አጠገብ ያለው የቡሪ ሰፈር ሰማይ በፀረ አውሮፕላን ተኩስ ታመሰ። አረብኛው ፀረ አውሮፕላን መሣሪያን «ሙዳዳት» ይለዋል፤ ተፃራሪዎች እንደ ማለት ነው። የእኛ «ፀረ» በሐሳብ ወንድሙ ነው። «አየር መከላከያ» ግን ሌላ ነው። ብዙዎች ጋሻ ይመስላቸዋል፤ ግንዱ «ከለከለ» ነው፤ እንዳታልፍ ማለት።

ልዩነቱ መርከብ ላይ ይጎላል። ደርግ በ1970ዎቹ አጋማሽ ከሶቭየት ኅብረት የተረከባቸው ሁለት «ፔትያ» ፍሪጌቶች ሰርጓጅ ለማደን የተሠሩ ነበሩ። ለሰማዩ የነበራቸው መንታ አፈሙዝ 76 ሚሊ ሜትር መድፍ ነው፤ ሚሳኤል የለም። ይህ ራስን ማዳን እንጂ ክልከላ አይባልም።

እስቲ በሐሳብ «አየር መከላከያ ፔትያ» እንሥራ። ራዳሩ 16 ሜትር ላይ ቢሰቀል፣ ከባሕሩ 4 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ የሚመጣን ሚሳኤል፣ የምድር ክብነት ስለሚጋርደው፣ የሚያየው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ነው። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚበር፣ 100 ሰከንድ! 36 ሜትር ላይ ብናወጣው እይታው 33 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ግን 80 ሜትር ገደማ የምትረዝም ቀጭን መርከብ አናቷ ሲከብድ ለመገልበጥ ትቀርባለች። ገላዋን ካሰፋን ደግሞ ፔትያነቷ ቀረ።

ስለዚህ ዜና የምትጽፉ ሆይ፣ መድፍ ብቻ ለታጠቀ መርከብ «ፀረ አውሮፕላን» በሉ፤ «አየር መከላከያ»ን በእውነት ለሚከለክለው አቆዩት።