ፍርስራሽ ያናገረ አርክቴክት፦ የስቬሬ ፌን ሕይወትና ሥራ

እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 1997 የኪነ ሕንፃ ሰዎች በሰሜን ስፔን በምትገኘው በቢልባኦ ከተማ ተሰብስበው ነበር። የተሰበሰቡበት ስፍራ ፍራንክ ጌህሪ የነደፈውና ገና ለሕዝብ ያልተከፈተው የጉግንሃይም ሙዚየም ነበር። በቲታኒየም ቆርቆሮ ተሸፍኖ በወንዝ ዳር የተንጣለለው ይህ ግዙፍ ሕንፃ ከጥቂት ወራት በኋላ የከተማይቱን ስም በዓለም ዙሪያ ሊያስጠራ ተዘጋጅቶ ነበር። በዚያ ዕለት በሙያው ከፍተኛ ክብር ያለውን የፕሪትዝከር ሽልማት የተቀበለው ሰው ግን በግዙፍነቱ የሚጠቀስ አንድም ሕንፃ አልነበረውም። የ72 ዓመቱ ኖርዌያዊ ስቬሬ ፌን ከሠራቸው ሕንፃዎች አብዛኞቹ ትንንሾች ናቸው፤ የሚገኙትም በአገሩ ገጠሮችና ትንንሽ ከተሞች ነው። ከነደፋቸውም ውስጥ ብዙዎቹ ከወረቀት አላለፉም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታዲያ ጥቂት የሠራ ሰው ለዚህ ክብር እንዴት በቃ? መልሱ የሚገኘው ፌን ዕድሜውን ሙሉ ሲያነሣውና ሲጥለው በኖረው በአንድ ጥያቄ ውስጥ ነው። ጥያቄውም፣ አዲስ ነገር የሚሠራ ሰው ከእርሱ አስቀድሞ በስፍራው ከነበረው ነገር ጋር፣ ከዛፉም ሆነ ከመሬቱ፣ ከፈረሰውም ግንብ ጋር እንዴት አብሮ ይኖራል? የሚል ነው።

ፌን የተወለደው በ1924 በብር ማዕድኗ በምትታወቀው በኮንግስበርግ ከተማ ነው። የወጣትነቱ ዘመን ናዚ ጀርመን ኖርዌይን ይዛ ከቆየችበት ከ1940 እስከ 1945 ካለው ጊዜ ጋር ተገጣጠመ። በኦስሎ የኪነ ሕንፃ ትምህርቱን በ1949 ሲያጠናቅቅ አገሪቱ ከጦርነቱ ጉዳት በማገገም ላይ ነበረች። በተለይም በስተሰሜን የጀርመን ጦር ሲያፈገፍግ ያቃጠላቸው ከተሞችና መንደሮች እንደገና መሠራት ነበረባቸው። ብዙ ቤት በአስቸኳይ በሚያስፈልግበት በዚያ ወቅት፣ ፌንና ጓደኞቹ ቤት ማለት ምን ማለት ነው ብለው የሚጠይቁ ወጣቶች ነበሩ። መምህሩ አርነ ኮርስሞ የዘመናዊው ኪነ ሕንፃ ቀንደኛ አራማጅ ነበር። በ1950 በእርሱ ዙሪያ የተሰባሰቡት ወጣቶች ፓጎን የተሰኘውን ቡድን አቋቋሙ። ከአባላቱም መካከል በኋላ የሲድኒን የኦፔራ ቤት የነደፈው ዴንማርካዊው ዮርን ኡትዞንና በኪነ ሕንፃ ፍልስፍና የታወቀው ክርስቲያን ኖርበርግ ሹልዝ ይገኙበታል።

የፌን የመጀመሪያ ሥራዎች ከጓደኛው ከጋይር ግሩንግ ጋር የተሠሩ ናቸው። ሁለቱ ወጣቶች ገና ከትምህርት ቤት እንደ ወጡ በሊለሃመር ከተማ ለሚሠራው የእደ ጥበብ ሙዚየም የወጣውን ውድድር አሸነፉ። ቀጥሎም በኦስሎ፣ ኦከርን በተባለው ሰፈር፣ በ1955 የተጠናቀቀውን የአረጋውያን መኖሪያ ሠሩ። የአረጋውያኑ መኖሪያ ፎቅ የሌለውና ውስጣዊ አደባባዮችን ከብቦ በመሬት ላይ የተዘረጋ ሕንፃ ነው። አቅሙ የደከመ ሰው ደረጃ ሳይወጣ ሳይወርድ ከክፍሉ ወደ ፀሐይና ወደ አትክልት መውጣት ይችል ነበር።

በእነዚህ ሥራዎች መካከል ፌን ያደረገው አንድ ጉዞ አስተሳሰቡን ቀየረው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሞሮኮ ሄዶ በደቡቡ የበረሃ ዳርቻ ያሉትን የጭቃ ቤቶች ተመለከተ። የሄደው አዲስ ነገር ፍለጋ ነበር፤ ያገኘው ግን አስቀድሞ የሚያውቀውን ነገር ሆነ። የአውሮፓ ዘመናውያን እንደ አዲስ ግኝት የሚያውጁት ጠፍጣፋ ጣሪያ፣ ጌጥ አልባ ግድግዳና ከመሬቱ ጋር የተዋሐደ ቅርጽ፣ ስማቸው በማይታወቅ ግንበኞች እጅ ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል። እዚያ ቤት የሚሠራው እግር ከቆመበት አፈር ነው። ቤቱ ሲያረጅም ወደዚያው አፈር ይመለሳል። ፌን በ1952 ስለዚህ ጉዳይ ባሳተመው ጽሑፍ የሞሮኮን የጭቃ ግንብ ከዘመኑ ታላላቅ አርክቴክቶች ሥራ ጋር አስተያይቶ አቀረበ። ከዚያ በኋላ በፓሪስ በዣን ፕሩቬ የሥራ ክፍል ለጥቂት ጊዜ ሠርቶ ስለ ብረታ ብረትና ስለ ቀላል ግንባታ ተማረ። ከአፍሪካ ያገኘው ትምህርት ግን መሠረቱ ሆኖ ቀረ። ማንኛውም ሕንፃ ከቆመበት ስፍራ ጋር መነጋገር እንዳለበት የተረዳው በዚያ ነበር።

ስሙ ከኖርዌይ ውጭ የተሰማው በ1958 በብራስልስ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ነው። ለአገሩ የሠራው አዳራሽ ከትላልቅ የእንጨት አግዳሚዎች የተዋቀረ ሲሆን፣ ኤግዚቢሽኑ ሲያበቃ እንደ ሌሎቹ ጊዜያዊ ሕንፃዎች ፈረሰ። በዚያው ዓመት ስዊድን፣ ፊንላንድና ኖርዌይ በቬኒስ ቢየናሌ በጋራ የሚጠቀሙበት የትዕይንት አዳራሽ ለማሠራት ከየአገሩ አንድ አንድ አርክቴክት ጋበዙ። አሸናፊው ፌን ሆነ፤ ሕንፃውም በ1962 ተጠናቀቀ።

በቬኒስ የገጠመው ችግር ዛፎች ነበሩ። ለሥራው የተሰጠው ቦታ በሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ስለሆነ ያረጁ ዛፎች በቅለውበት ነበር። ለሌላ ሰው የመጀመሪያው ሥራ መጥረቢያ ማንሣት ይሆን ነበር። ፌን ግን ዛፎቹን በአዳራሹ ውስጥ እንዳሉ ተዋቸው። ግንዳቸው ከወለሉ ተነሥቶ በጣሪያው መካከል አልፎ ወደ ሰማይ ይወጣል። የጣሪያው አሠራርም ይህንኑ ታሳቢ ያደረገ ነው። ቁመታቸው አንድ ሜትር፣ ውፍረታቸው 6 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ስስ የአርማታ አግዳሚዎች በሁለት ድርብ ተሻግረው ተነባብረዋል፤ ዛፍ ባለበት ስፍራ ይቋረጣሉ። ዋናው ተሸካሚ አግዳሚ እንኳ ጫፉ ላይ አንድ ትልቅ ዛፍ ሲያጋጥመው እንደ ባላ ለሁለት ተከፍሎ ያሳልፈዋል። እነዚህ ጥልቅ አግዳሚዎች የጣሊያንን ብርቱ ፀሐይ በቀጥታ እንዳይገባ ይከለክላሉ። ወደ ውስጥ የሚደርሰው ብርሃን የለሰለሰና ጥላ የሌለው ስለሆነ፣ ሥዕሎቹ በሰሜን አገር ብርሃን እንደ ተሣሉ ሁሉ በዚያው ዓይነት ብርሃን ይታያሉ።

ከዚህ ስኬት በኋላ ሥራው ይጎርፋል ተብሎ ይጠበቅ ይሆናል። ይሁንና የሆነው ሌላ ነው። ፌን ጥቂት መኖሪያ ቤቶችን ሠራ፤ በኦስሎም መስማት ለተሳናቸው ሕፃናት የሚያገለግለውን የስኮዳለንን ትምህርት ቤት ገነባ። በውድድሮች ያቀረባቸው ንድፎች ግን በአብዛኛው ሳይሠሩ ቀሩ። በስተእርጅናው በ1996 ያሸነፈበት የኮፐንሃገን የንጉሣዊ ቲያትር ማስፋፊያም ዕጣው ይኸው ሆነ። ከ1971 ጀምሮ በኦስሎ የኪነ ሕንፃ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ሆኖ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል አስተማረ። ሕንፃ ሊሠራበት ያልቻለውን ሐሳብ በንግግርና በንድፍ ለተማሪዎቹ አካፈለ። ከእርሱ በኋላ የመጣው የኖርዌይ አርክቴክቶች ትውልድ ከሥራዎቹ ባልተናነሰ በትምህርቱ የተቀረጸ ነው።

የፌን ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ግን በሃማር ነው። ሃማር ምዮሳ በተባለው በኖርዌይ ትልቁ ሐይቅ ዳርቻ ያለች ከተማ ናት። በ12ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ መንበረ ጵጵስና ተቋቁሞባት፣ ካቴድራልና የጳጳሱ የተመሸገ ግቢ ነበራት። የሃይማኖት ተሐድሶው በዴንማርክ ንጉሥ ሥልጣን ወደ ኖርዌይ ሲደርስ የመጨረሻው ካቶሊካዊ ጳጳስ በ1537 ተይዞ ወደ ዴንማርክ ተወሰደ። በ1567 ደግሞ የስዊድን ጦር ስፍራውን አወደመው። ከዚያ በኋላ ቦታው የእርሻ መሬት ሆነ፤ በ18ኛው መቶ ዘመንም በጳጳሱ ግቢ ፍርስራሽ ላይ ትልቅ የእርሻ ጎተራ ተሠራ። የመካከለኛው ዘመን ግንብና የገበሬው ጎተራ እንዲህ ተደራርበው ለፌን ዘመን ደረሱ። በ1967 ይህን ስፍራ ሙዚየም የማድረግ ኀላፊነት ተሰጠው።

እንዲህ ያለ ፍርስራሽ በእጁ የገባ ሰው በፊቱ ሁለት የተለመዱ መንገዶች አሉ። አንደኛው የጎደለውን ሞልቶ፣ የተሰነጠቀውን ለስኖ፣ ሕንፃው በጥንቱ ዘመን ይመስለው ነበር ወደሚባለው መልክ መመለስ ነው። ሁለተኛው አሮጌውን ጠርጎ በምትኩ አዲስ ማቆም ነው። ፌን ሁለቱንም አልተቀበለም። በእርሱ እምነት ያለፈውን ዘመን እያሳደደ የሚሮጥ ሰው ፈጽሞ አይደርስበትም። ያለፈው የሚናገረው የዛሬው ሰው የራሱን ሥራ በግልጽ ሠርቶ በአጠገቡ ሲያቆምለት ብቻ ነው።

በመሆኑም በሃማር አዲሱ አዲስ፣ አሮጌውም አሮጌ ሆኖ ይታያል። ከግቢው የሚነሣ ደረጃ አልባ የአርማታ መተላለፊያ እየተጠማዘዘ በቁፋሮው ላይ ይወጣና ወደ ሕንፃው ይገባል። መተላለፊያው በራሱ ምሰሶዎች የቆመ ስለሆነ ጎብኚው ፍርስራሹን አይረግጠውም፤ ከላይ ሆኖ ቁልቁል እየተመለከተ በዘመናት ላይ ይራመዳል። አፋቸው የተሸራረፈ የግንብ መስኮቶች አልተስተካከሉም። ሰፊ መስተዋት በውጭ በኩል ተደርጎባቸው፣ የድንጋዩ ጠርዝ እንደ ፈረሰ ከመስተዋቱ ኋላ ይታያል። አዲሱ የእንጨት ጣሪያም ከአሮጌው ግንብ ጋር ሳይምታታ ራሱን ችሎ ይነበባል። በውስጡ የተቀመጡት የገበሬ መገልገያዎችና ከመሬት የወጡ ቅርሶች ለእያንዳንዳቸው ተለይቶ በተሠራ መያዣ ላይ አርፈዋል። አንዲት ተራ የቤት ዕቃ እንኳ እንደ ክቡር እንግዳ የራስዋ መቀመጫ አላት።

በዚያ በተከበረ ግንብ መካከል የአርማታ መንገድ መዘርጋት ድፍረት አይደለምን? ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን አርማታው ሌላ ነገር ለመምሰል አይሞክርም። አንድ ሰው በሃማር ቆሞ የትኛው ድንጋይ የጳጳሱ ዘመን፣ የትኛው የገበሬው፣ የትኛው የ20ኛው መቶ ዘመን ሥራ እንደሆነ ያለ አስጎብኚ መለየት ይችላል። የጥንቱን መስሎ የተሠራ አዲስ ግንብ ግን የራሱን ዘመን ይሰውራል፤ የእውነተኛውንም ጥንታዊ ግንብ ምስክርነት ያጠራጥራል። ፌን ከ1967 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ደጋግሞ ወደዚህ ሥራ ተመልሷል።

ሽልማትና ሥራ የበዛለት ካረጀ በኋላ ነው። በ1991 በፊየርላንድ የበረዶ ግግር ሙዚየሙ ተከፈተ። ሙዚየሙ ከአውሮፓ ዋና ምድር በስፋቱ አንደኛ በሆነው በዮስተዳልስብሬን የበረዶ ግግር ግርጌ፣ በተራሮች መካከል ባለ ሜዳ ላይ የተቀመጠ ሲሆን፣ ጎብኚው በደረጃ ወደ ጣሪያው ወጥቶ በዙሪያው ያለውን ተራራና በረዶ ይመለከታል።

በ2000 በኦርስታ የተከፈተው የኢቫር ኦሰን ማእከል ደግሞ የተሠራው ለቋንቋ ነው። ኖርዌይ እስከ 1814 ድረስ ከአራት መቶ ለሚበልጡ ዓመታት ከዴንማርክ ዘውድ ጋር ተሳስራ ስለ ነበር የጽሑፍ ቋንቋዋ ዴንማርክኛ ነበር። የገበሬ ልጅ የነበረው ኢቫር ኦሰን ከ1842 ጀምሮ በየገጠሩ እየተዘዋወረ የሕዝቡን አነጋገር ሰበሰበ። በ1848 ሰዋስው፣ በ1850 መዝገበ ቃላት አሳትሞ ዛሬ ኒኖርስክ ለሚባለው ሁለተኛው የኖርዌይ የጽሑፍ ቋንቋ መሠረት ጣለ። ከአሮጌ የገጠር ቃላት አዲስ የጽሑፍ ቋንቋ ላነጸ ሰው መታሰቢያ እንዲሠራ የተመረጠው ፌን መሆኑ የሚያስገርም አይደለም። ማእከሉን ኦሰን በተወለደበት መንደር፣ ከኮረብታው ወገብ ጋር አዋሕዶ ሠራው።

የመጨረሻው ታላቅ ሥራው በኦስሎ የሚገኘው የኪነ ሕንፃ ሙዚየም ነው። በ1830 የተጠናቀቀውንና ክርስቲያን ሃይንሪክ ግሮሽ የነደፈውን የቀድሞ የባንክ ሕንፃ ሳያፈርስና ሳይመስል፣ በጎኑ የመስተዋት አዳራሽ ጨመረለት። ሙዚየሙ በ2008 ሲከፈት የመጀመሪያው ዐውደ ርእይ የራሱ የፌን ሥራ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2009፣ በ84 ዓመቱ አረፈ።

ከሞተ በኋላ ሥራው ከምሥራቅ አፍሪካ ጋር ተገናኘ። በ2014 በቬኒስ የኪነ ሕንፃ ቢየናሌ ወቅት፣ በዚያ ዛፍ በሚያልፍበት አዳራሽ የኖርዌይ ብሔራዊ ሙዚየም አንድ ዐውደ ርእይ አዘጋጀ። ርእሱ ታንዛኒያ፣ ኬንያና ዛምቢያ ነጻ በወጡበት ዘመን የሰሜን አውሮፓ አርክቴክቶች በእነዚህ አገሮች የሠሩት ሥራ ነበር። ኖርዌያዊው ካርል ሄንሪክ ኖስትቪክ ከኬንያዊው ዴቪድ ሙቲሶ ጋር የነደፈውና በ1973 የተመረቀው የናይሮቢው የኬንያታ የስብሰባ ማእከል የዚያ ታሪክ አካል ነው። አዳዲሶቹ መንግሥታት ያኔ የገጠማቸው ጥያቄ ከፌን ጥያቄ ብዙም አይርቅም፤ አዲስ አገር ሲታነጽ ነባሩ ምን ይሁን? የሚል ነበርና። ፌን በወጣትነቱ ከሞሮኮ የጭቃ ግንብ ተምሮ ወደ ሰሜን የወሰደው ትምህርት፣ ከስድሳ ዓመት በኋላ እርሱ በሠራው ጣሪያ ሥር እንደገና የአፍሪካን ስም አስነሣ።